ላስ ቬጋስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት በኦዲተርነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእናንተ መካከል ለሠርግ፣ ለስብሰባ ወይም ለሽርሽር ላስ ቬጋስ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ አላችሁ። አትሂዱ አልልም። እኔም ባለፈው ዓመት ሄጃለሁ፤ ያየሁትን ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ይለኛል።

ሻንጣዬን እንኳን ሳልቀበል፣ አየር ማረፊያው ውስጥ የቁማር ማሽኖች ተደርድረው ጠበቁኝ። ስትሪፕ የሚሉት ዋና ጎዳና ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሕንፃዎቹ ከመግዘፋቸው የተነሣ ቅርብ ይመስላሉ፤ ስትሄዱ ግን አትደርሱም። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ምቹ ጫማና ውኃ አይለያችሁ። ቤላጂዮ ሆቴል ፊት ለፊት በሙዚቃ የሚወዛወዘውን የውኃ ትርኢት ሲመሽ ቆማችሁ እዩት፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። የሆቴል ክፍል ስትይዙ ደግሞ ከክፍሉ ኪራይ ሌላ የሚጨመረው የሪዞርት ክፍያ የሚባለው በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ጠይቁ።

ወደ ቁማሩ አዳራሽ ስገባ የሙያ ዓይኔ ነቃ። ከየጠረጴዛው በላይ ካሜራ አለ። ዲለር የሚሏት አጫዋች ለተረኛዋ ቦታ ስትለቅ እጆቿን አጨብጭባ መዳፎቿን ገልብጣ ታሳያለች፤ ምንም ይዤ አልሄድኩም ማለቷ ነው። ገንዘቡ የሚገባበት ሣጥን ከጠረጴዛው ሥር ተቆልፏል፤ ሣጥኑን የሚያነሣውና ገንዘቡን የሚቆጥረውም ሰው የተለያየ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ «ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁን» እያልኩ ስወተውት የኖርኩትን ሥርዓት እዚያ ተሟልቶ አገኘሁት።

ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጠው እንግዳስ? ስንት ብር ይዞ እንደገባ አልጻፈም። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፤ መንጋቱን የሚያሳይ መስኮትም የለም። ዶላሩን በባለቀለም ክብ ፕላስቲክ ለውጦታል፤ ኖት ከኪስ ሲወጣ የሚሰማው ቅሬታ ከፕላስቲኩ ጋር አይመጣም። መጠጡ በነጻ ይቀዳለታል። አንዱ ወገን እያንዳንዷን ሳንቲም ይቆጣጠራል፤ ሌላው ወገን ራሱን እንኳን አይቆጣጠርም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሃምሳ ዶላር ጀምሬ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ገንዘብ ማውጫው ማሽን ተመላልሼ፣ ሦስት መቶ ዶላር ጨርሼ ተነሣሁ። ለባለቤቴ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ማንም አላታለለኝም። የተጫወትኩት ሩሌት ነው፤ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳስ ተጥላ በምታርፍበት ቁጥር ላይ ይወራረዱበታል። የአሜሪካው ሩሌት 38 ማረፊያዎች አሉት፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮና ድርብ ዜሮ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ዶላር ብታስይዙ 38 አውጥታችሁ የምትቀበሉት 36 ነው። ሁለቱ ለቤቱ፣ ማለትም ለቁማር ቤቱ፣ ይቀራሉ፤ 5.26 በመቶ መሆኑ ነው። በየዙሩ 10 ዶላር እያስያዛችሁ በሰዓት 40 ዙር ብትጫወቱ 400 ዶላር ታንቀሳቅሳላችሁ፤ በአማካይ 21 ዶላሩ የቤቱ ነው። አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል፤ ቤቱ ግን አማካዩን ይጠብቃል፤ ጊዜም አለው። ስሎት የሚሉት የቁማር ማሽንም ትዝታ የለውም። «ብዙ ሰዓት አልከፈለም፣ አሁን ደርሶለታል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ዕጣው በየዙሩ እንደ አዲስ ይወጣል። በኳስ ውርርድም አወራራጁ ቤት ድርሻውን በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ቀድሞ አስገብቶታል።

ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥጥር ይዛችሁ ግቡ። ብታጡት የማያስለቅሳችሁን ያህል በጥሬ ገንዘብ ፖስታ ውስጥ አድርጉ፤ የባንክ ካርዳችሁ ክፍላችሁ ባለው ካዝና ይቆለፍ። ፖስታውን የማይጫወት ጓደኛ ይያዝ፤ የምትነሡበትንም ሰዓት እሱ ይወቅ። ይህን እለምናችኋለሁ፤ ለማንም ደንበኛ ከሰጠሁት ምክር ይበልጥ አምንበታለሁ። በማግሥቱ ደግሞ ወደ ሁቨር ግድብ ውጡ። ሥራው የተጀመረው ላስ ቬጋስ የምትገኝባት የኔቫዳ ግዛት ቁማርን ሕጋዊ ባደረገችበት በዚያው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከፍታው 221 ሜትር ይደርሳል። ከሁለቱ የ1931 ሥራዎች የትኛውን ቆሜ እንዳደነቅሁ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ልመለስ በዋዜማው በ2023 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» (ትንሿ ኢትዮጵያ) ተብሎ በይፋ ወደተሰየመው አካባቢ ቁርስ ፍለጋ ሄድኩ። ከሌሊት ሥራ የወጡ ልጆች ፍርፍር እየበሉ ነበር። አንዷ አየት አደረገችኝና መጥታ ሰላም አለችኝ። ሩሌቱን ታጫውተን የነበረችው ልጅ ናት። ያገሬ ልጅ መሆኗን እንኳን አላወቅሁም ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ሊያወጡ ሲነሡ ልቤ ፈራ» አለችኝ። «ይብቃዎት ልልዎ ፈልጌ ነበር። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እንደዚያ ማለት አልችልም።»