የላካችሁትን ኮድ ማን ይሸከመዋል?

ሰላም ልጆች፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ኦፕን ሶርስ፣ ክፍት ምንጭ፣ የሚባለው ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው የተፈቀደ ኮድ ነው። «ከማንበብ» አልኩት። ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ሌላ ነገር ጠብቆ ነበር። በኋላ ሳስበው መልሴ ለእኔም አጠረብኝ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ እሱም ያነበው ይሆናል።

ከሚያሳፍረው ልጀምር። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ በየቀኑ የምጠቀምባት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ኮዷን ከፍቼ ሳየው ቅጥ አምባሩ የጠፋ መሰለኝ። ግማሹ መስመር በታብ ገባ ብሏል፣ ግማሹ በስፔስ። የፈንክሽኖቹ ስም አይጥምም። ቅዳሜና እሁዴን ሠውቼ አርባ ፋይል አስተካከልኩና ላክሁ። ውዳሴ ስጠብቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት መስመር መጣችልኝ፦ «ይህ የትኛውን ችግር ይፈታል?» መልስ አልነበረኝም። አኩርፌ ጥዬ ወጣሁ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ራሴ የአንዲት ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ጠባቂ፣ ሜንቴነር የሚባለው፣ ስሆን ነው። አርባ ፋይል የላከ ሰው «አርባ ፋይል አንብቡልኝ» እያለ ነው። የሚያነበው ደግሞ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ደክሞት የሚቀመጥ ሰው ነው። አንብቦ ከተቀበለ በኋላም አላለቀም። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ እኔ የለሁም፤ እሱ አለ። ኮድ መላክ ስጦታ ነው ይባላል። ነው፤ ግን ጥጃ እንደ መስጠት ነው። ሣሩን የሚያጭደው ተቀባዩ ነው።

ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህችው ነገር የሚመዘዝ ነው።

ፕሮጀክት ስትመርጡ ዝነኛውን አታሳድዱ። የምትጠቀሙበትን ምረጡ። ሲበላሽ የሚያናድዳችሁን። ከዚያ ሪድሚውን (የፕሮጀክቱን መግቢያ ጽሑፍ)፣ የአስተዋጽኦ መመሪያውን፣ የላይሰንስ (የፈቃድ) ፋይሉን አንብቡ። ኮድ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ክፍት ምንጭ አይሆንም፤ ላይሰንስ ከሌለው ባለቤቱ መብቱን አልሰጣችሁም። ኤምአይቲ ላይሰንስ ብዙ አይጠይቅም፤ ስሙንና የፈቃዱን ጽሑፍ አብራችሁ አስቀምጡ ይላል። ጂፒኤል ግን አሻሽላችሁ ስታከፋፍሉ ምንጩንም በዚያው ፈቃድ እንድትሰጡ ያስገድዳል። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ የሥራ ውላችሁን እዩ። በትርፍ ጊዜያችሁ የጻፋችሁትንም «የእኔ ነው» የሚል ቀጣሪ አለ።

ቀጥሎ ኮዱን ራሳችሁ ማሽን ላይ ቢልድ አድርጉት (ወደሚሠራ ፕሮግራም ለውጡት)፣ ቴስቶቹንም (መፈተኛ ኮዶቹን) አስኪዱ። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። መመሪያው የሚለውን ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፤ ስክሪኑ በቀይ ፊደል ይሞላል። ጀማሪ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ዝም ይላል። ተዉ እንጂ! ብዙ ጊዜ መመሪያው ነው ያረጀው። ጠባቂው ፕሮጀክቱን ማሽኑ ላይ ያዘጋጀው ድሮ ነው፤ የትኛው እርምጃ እንደጎደለ አይታየውም። ለእናንተ ይታያችኋል፣ ያውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። ከለመዳችሁት በኋላ እናንተም እንደ እሱ ናችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የተደናቀፋችሁበትን ሁሉ ጻፉ። ያ ማስታወሻ የመጀመሪያ አስተዋጽኦአችሁ ሊሆን ይችላል። ኩርፊያዬ ካለፈ በኋላ ሌላ ፕሮጀክት ላይ የላክሁት ሁለተኛ ሙከራዬ በመጫኛ መመሪያ ውስጥ የጎደለች የአንድ ፓኬጅ ስም ነበረች። በማግስቱ ተቀበሉኝ። አርባ ፋይል ያልከፈተውን በር አንዲት ቃል ከፈተችው።

ስለ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሪፖርትም ልንገራችሁ፤ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከኮድ እኩል አየዋለሁ። «አይሠራም» ሪፖርት አይደለም። የትኛው ቨርዥን፣ በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ? ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈልጉ። ከቻላችሁ ችግሩን የሚያሳየውን ኮድ እየቀነሳችሁ ወደ አሥር መስመር አውርዱት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ከሥሩ የተያዘ ባግ ግማሹ ተፈትቷል። የድሮ ሪፖርቶችን ከፍቶ «ይህ በአዲሱ ቨርዥን ላይ አሁንም አለ ወይስ ጠፍቷል?» ብሎ መሞከርም ውለታ ነው። አንድ መስመር ኮድ አልጻፋችሁም፤ የጠባቂውን አንድ ማታ ግን መለሳችሁለት።

ኮድ ለመላክ ስትደርሱ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሪፖውን (የፕሮጀክቱን የኮድ ማከማቻ) ፎርክ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም የራሳችሁን ቅጂ ትወስዳላችሁ፣ ለሥራው ለብቻው ብራንች (የተለየ የሥራ መስመር) ትከፍታላችሁ፣ ለውጡን ከነቴስቱ ትጽፋላችሁ፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ትልካላችሁ። አንድ ፑል ሪኩዌስት፣ አንድ ጉዳይ። ባግ ስታስተካክሉ በመንገዳችሁ ያያችሁትን የፊደል ግድፈት እዚያው አትጨምሩ፤ ለብቻው ላኩት። ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋር የምትጽፉት የኮሚት መልእክታችሁ ምን እንደቀየራችሁ ሳይሆን ለምን እንደቀየራችሁ ይናገር፤ ምኑን ኮዱ ራሱ ያሳያል። ትልቅ ነገር ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ። የአንድ ወር ሥራ ከተሠራ በኋላ «ይህን አንፈልገውም» መባል ለላኪውም ለተቀባዩም መራራ ነው።

ሁሉም ፕሮጀክት ግን ጊትሃብ ላይ አይሠራም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ዛሬም ፓች (የኮድ ለውጥ) የሚቀበለው በኢሜይል ነው። እያንዳንዱ ፓች ላይም ላኪው ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው በስሙ ይፈርማል። የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ጊት፣ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ነው። ከርነሉን የሚሠሩት ሰዎች በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ ፈቃዱ ሲነሳ ቶርቫልድስ በ2005 የራሱን ጻፈ። ቤቱ ገብታችሁ ሥርዓቱን ጠይቁ ለማለት ነው።

አሁን ስለ እምነት። በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ዲቨሎፐር አንድ ነገር ከነከነው። በኤስኤስኤች፣ ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው መሣሪያ፣ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ማን ለግማሽ ሰከንድ ይጨነቃል? እሱ ተጨነቀ። ክሩን እየሳበ ሲሄድ ኤክስዜድ የተባለ፣ ብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት የፋይል መጭመቂያ ላይ ደረሰ። በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖቹ ውስጥ ድብቅ በር ተቀብሮ ነበር። የቀበረው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲሳተፍ የቆየና ጠባቂ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ብቻውን ነበር። ሥራው ያለ ክፍያ እንደሆነ፣ አቅሙም እንደቀነሰ ጽፎ ነበር። ሌሎች ደግሞ «ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። ዛሬ አዲስ ሰው ሲመጣ ጠንከር ያለ ጥያቄ ቢቀርብለት፣ ኃላፊነት ለማግኘት ዓመት ቢፈጅበት፣ ቅር እንዳይለው ነው። ደግሞም ብቻውን ለቀረ ጠባቂ አብራችሁት ብትቆሙ ምን ያህል እንደሚለወጥ አስቡት። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ክፍተት ሲወጣም ዓለም ያየው ይህንኑ ነበር፤ የኢንተርኔትን ምስጢር የሚጠብቀው ኮድ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር።

ሸክም የማያቀል ተሳትፎም አለ። በ2020 ሃክቶበርፌስት በተባለው ዘመቻ ለአንድ ቲሸርት ሲሉ ሰዎች ሪድሚ ላይ ትርጉም የለሽ ቃል እየጨመሩ ፑል ሪኩዌስት አዘነቡ። አዘጋጆቹ ዘመቻው መሐል ላይ ሕጉን ቀየሩና የፈቀደ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። ዛሬ ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ። በኢንተርኔት ዳታ የሚያመላልሰው የከርል ፕሮግራም መሥራች ዳንኤል ስተንበርግ በኤአይ የተፈበረኩ የውሸት የደህንነት ሪፖርቶች ጊዜያቸውን እየበሉ እንደሆነ በተደጋጋሚ ጽፏል። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት በ2024 በኤአይ የተጻፈ አስተዋጽኦ አልቀበልም ብሏል። እኔ ኤአይ አትንኩ አልልም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን «ይህ መስመር ለምን እዚህ ገባ?» ስትባሉ መልሱን ሄዳችሁ ኤአዩን የምትጠይቁ ከሆነ አትላኩት።

ከላካችሁ በኋላ ዝምታ ይመጣል። ዝምታ እምቢታ አይደለም። ሁለት ሳምንት ጠብቁና በትሕትና አስታውሱ። አስተያየት ሲመጣ ደግሞ ሃያ ነጥብ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ። ሃያ ነጥብ የጻፈላችሁ ሰው ግን ሥራችሁን ከልቡ አንብቧል ማለት ነው። ቁጣና ስድብ ሲሆን ግን አትታገሡ። ትዕግሥትና መረገጥ ይለያያሉ፤ ሌላ ፕሮጀክት ሞልቷል። «ይህን ኢሹ (የተመዘገበ ችግር) እኔ ልሥራው» ብላችሁ ይዛችሁ አትጥፉ። ጊዜ ካጣችሁ «አልቻልኩም» በሉና ልቀቁት። ማንም አይቀየማችሁም።

አንድ ሐቅም ልጨምር። በነፃ መሥራት ለሁሉም እኩል አይደለም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅ ማታውን ለማያውቀው ሰው ፕሮጀክት ባይሰጥ አይፈረድበትም። እንደ አውትሪቺ ያሉ ክፍያ ያላቸው የልምምድ ፕሮግራሞች አሉ፤ የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድም ከ2005 ጀምሮ አለ። ሞክሯቸው። «ጊትሃብህ ባዶ ነው» ብሎ የሚንቃችሁን ቀጣሪ ግን ከቁም ነገር አትቁጠሩት።

ያ ልጅ ትናንት መጥቶ ነበር። አንድ ፕሮጀክት መርጦ ሦስት ቀን ሙሉ ቢልድ ማድረግ እንዳቃተው ነገረኝ። ተስፋ ቆርጧል። ላፕቶፑን አብረን ከፍተን መመሪያውን ከላይ ጀምረን አነበብን። አራተኛው እርምጃ ላይ የተጠቀሰው ፋይል ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፤ መመሪያው ግን አሁንም የሚጠራው በድሮ ስሙ ነው። «እና አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ኪቦርዱን ለቀቅሁለት።