መልስ፦ ኮምፓሽን የተመሠረተው በ1952 ነው ወይስ በ1954 እ.ኤ.አ.?

እህቴ፣ ችግረኛ ልጆችን ስለሚረዳው ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ስለ ኮምፓሽን፣ በምትጽፊው ላይ 1952 እ.ኤ.አ. ብለሽ አስገቢ። መሥራቹ አሜሪካዊው ወንጌላዊ ኤቨረት ስዋንሰን ነው። ግራ ያጋባሽ እ.ኤ.አ. 1954ም ስህተት አይደለም። አንድ ለጋሽ አንድን ልጅ ለይቶ በየወሩ የሚረዳበት አሠራር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። «ኮምፓሽን» (ርኅራኄ) የሚለው ስም የመጣው ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከማቴዎስ 15፥32 ተወስዶ። ከዚያ በፊት ማኅበሩ በራሱ በስዋንሰን ስም ነበር የሚጠራው።

ለሰንበት ትምህርት ልጆች ስለሆነ ታሪኩንም ጨምሪበት። ስዋንሰን በኮሪያ ጦርነት መሃል ደቡብ ኮሪያ የሄደው ለወታደሮች ሊሰብክ ነበር። አንድ ጠዋት ሠራተኞች መንገድ ዳር የወደቀ የጨርቅ ክምር እያነሱ መኪና ላይ ሲወረውሩ አየ። ጠጋ ብሎ ሲያይ ሌሊቱን የሞቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ናቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። አገሩ ተመልሶ በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ ለልጆቹ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ።

እግረ መንገድሽን የእኛን ቃኘው ሻለቃም አንሺ። ወታደሮቻችን እዚያው ኮሪያ፣ ዶንግዱቾን ከተማ ውስጥ፣ ለጦርነቱ ወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ይረዱ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ከየዓመቱ ጎን ሳትጽፊ እንዳታልፊ። እኔ አንዴ ረስቼ 1952 ብቻ ብዬ አወጣሁ። አንባቢዎች በእኛ አቆጣጠር ወሰዱት። በእኛ 1952 ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ካበቃ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ታሪኩ በሙሉ ውሸት መሰላቸው።