ኮምፓይለር ለመምረጥ ለምታመነቱ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሥራ ስትጀምሩ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ «የሚገዛው ኮምፓይለር ይሻላል ወይስ በነጻ የሚገኘው?» ብላችሁ ነው፤ ኮምፓይለር ማለት የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ ውድ የሆነው ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ለአንድ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መሥሪያ ቤታችን በገዛው ኮምፓይለር ያለ እንከን የሠራው ፕሮግራም፣ በነጻ በሚገኘው ጂሲሲ በተባለ ኮምፓይለር የኦፕቲማይዜሽኑን (ኮዱን የማፍጠን ሥራውን) ደረጃ ከፍ አድርጌ ስሞክረው፣ የሙከራው ታንከር ሞልቶ ውኃው እየፈሰሰ ፓምፑ አልቆም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ጂሲሲን ስወቅስ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ከኮምፓይለሩ የወጣውን አሴምብሊ (ለማሽኑ ቋንቋ የቀረበውን ኮድ) መስመር በመስመር ሳነብ፣ ፕሮግራሙ «ታንከሩ ሞልቷል» የሚለውን ምልክት ከሜሞሪ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ዳግመኛ እንደማያየው ተረዳሁ። ምልክቱን የሚለውጠው ኢንተራፕት (ዋናውን ፕሮግራም አቋርጦ የሚገባ ሥራ) ሆኖ ሳለ፣ ኮምፓይለሩን «ይህ ዋጋ ሳታውቀው ሊለወጥ ይችላልና ሁልጊዜ እንደገና አንብበው» የምትለውን «ቮላታይል» የተባለች ቃል ከቫሪያብሉ ፊት ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። የተገዛው ኮምፓይለር ስሕተቴን ለወራት ሸፍኖልኝ ኖሯል፤ ጂሲሲ ግን የቋንቋው ደንብ የፈቀደለትን ብቻ ነው ያደረገው።

ስለዚህ ገንዘብ የሚገዛው የኮዳችሁን ትክክለኛነት አይደለም። የሚገዛው ስልክ ስትደውሉ የሚመልስ መሐንዲስና፣ እንደ ተሽከርካሪ ባሉ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሊወድቅ በሚችልባቸው ሥራዎች ደግሞ የምስክር ወረቀት ነው፤ ለምሳሌ አይኤአር የተባለው ኩባንያ ቲዩቭ ዙድ በተባለ መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ ለአይኤስኦ 26262 (ለተሽከርካሪ ደኅንነት መስፈርት) የተመሰከረለት ኮምፓይለር ያቀርባል። እንዲህ ያለ ሥራ ከተሰጣችሁ ግዙ እላለሁ፣ ሳትሳሱ። በውስጥ አሠራር ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኤልኤልቪኤም የተባለው ነጻ የኮምፓይለር መሥሪያ ዛሬ የአርምም የኢንቴልም ኮምፓይለሮች መሠረት ነው።

ፈቃዱንም አንብቡ። በቋንቋችን «ነጻ» እና «በነጻ» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በሥራ ላይ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፦ «ነጻ» ማለት ኮዱን ማየት፣ መለወጥና ማካፈል የሚቻል ሲሆን፣ «በነጻ» ያለ ክፍያ ማለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሪቻርድ ስቶልማን ያወጣው ጂሲሲ ነጻ ነው፤ በእርሱ ኮምፓይል ስላደረጋችሁ ብቻ የራሳችሁን ኮድ እንድትገልጡ አትገደዱም፣ ከኮዳችሁ ጋር አብረው ለሚገቡት የጂሲሲ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) በፈቃዱ ላይ ለይቶ የተጻፈ ልዩ ሁኔታ አለና። የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ግን በነጻ ይሰጣል እንጂ ነጻ አይደለም፤ ከ250 በላይ ኮምፒውተር ወይም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዓመታዊ ገቢ ያለው ድርጅት ለተለመደ የንግድ ሥራው እንዲጠቀምበት አይፈቀድለትም።

ከፓምፑ ወዲህ፣ ደንበኛው የሚረከበው በተገዛው ኮምፓይለር የተሠራውን ቢሆንም፣ ኮዴን ሁልጊዜ በጂሲሲ ወይም በኤልኤልቪኤም ላይ በተሠራው በክላንግም ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ከፍቼ ኮምፓይል አደርጋለሁ። ሁለቱ ያወጧቸው ፕሮግራሞች የተለያየ ነገር ባደረጉ ቁጥር መጀመሪያ የምመረምረው የራሴን ኮድ ነው። የተጠቀምኩበትን ኮምፓይለር ከነቨርዥን ቁጥሩ ከኮዱ ጋር አስቀምጣለሁ፤ የፓምፑ ባለቤት ከዓመታት በኋላ አንዲት መስመር እንዳስተካክልለት ሲጠይቀኝ፣ ከእርሷ በቀር ሌላ ምንም ያልተለወጠበት ፕሮግራም ልሰጠው ይገባኛልና።