«እዚያ ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» ለምትሉ ወጣቶች

ልጆች፣ ሐዋሳ ሰፍታለች ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን አሁንም ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው አቶቴ ላይ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት መጠጥ መተው የፈለጉ ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም። «እዚያ ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» ነበር የሚሉኝ። «እዚያ» የሚሉት ከመጠጥ የሚያገግሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ነው።

ይገርመኛል። ያው ልጅ ዓርብ ማታ ድራፍት ቤት በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ግማሽ ሰፈር አይቶታል። ተደግፎ ባጃጅ ውስጥ ሲገባም አይተውታል። ያኔ አላፈረም። ለመተው ሲሄድ ነው ኮፍያውን ዝቅ የሚያደርገው። ደግሞ አልፈርድበትም። የሚጠጣውን «ይጠጣል» ብለን እናልፈዋለን፤ እርዳታ የፈለገውን ግን «ለካ እንዲህ ደርሶበት ኖሯል!» እንላለን። ክፉ አመል ነው።

ስለዚህ ከሚስጥሩ ልጀምር። ከመጠጥ የሚያገግሙ ሰዎች ስብሰባ በብዙ አገር የሚካሄደው አልኮሊክስ አኖኒመስ በሚባለው ኅብረት ሥርዓት ነው። እዚያ የአባት ስም አይጠየቅም። መታወቂያ አይታይም። የአባልነት ክፍያም የለም። የሚጠበቅባችሁ መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ለሻይና ለቤት ኪራይ የቻለ ያዋጣል፣ ያልቻለ ዝም ይላል። አንዳንዱ ስብሰባ ለማንም ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ከመጠጥ ለመላቀቅ ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ውስጡ ምን ይመስላል? ወንበር ዙሪያውን ይደረደራል። አንዱ ስሙን ይናገራል፣ ጠጪ መሆኑንም ይናገራል። ከዚያ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ያወራል። ሠርግ ላይ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ብርጭቆ ሲቀርብለት ምን ብሎ እንደመለሰ። ደመወዝ የወጣ ዕለት ግሮሰሪዋን ላለማየት በየት በኩል ዞሮ ቤቱ እንደገባ። ሲጨርስ ማንም አይመክረውም፣ ማንም አይቆጣውም። ቀጣዩ የራሱን ያወራል። ምክር በነጻ ለሚታደልበት አገር ሰው ይሄ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። እኔን ግን ከሁሉ የሚማርከኝ እሱ ነው። መናገር ካልፈለጋችሁ «ዛሬ ላዳምጥ» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከስብሰባውም ይቀድማል። በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት ሲኒ ስታነሱ ቡናው ሲኒ ማስቀመጫው ላይ እስኪፈስ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻችሁን በአንዴ አታቁሙ። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ላብ፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ይከተል ይሆናል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ሲያየው ግን የሚታከም ነው። ዳያዜፓም ይታዘዛል፣ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ይሰጣል። ጓደኛ ከሰጣችሁ ኪኒን ራቁ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

እዚያው ሐኪም ቤት ሳላችሁ ስለ ስብሰባውም ጠይቁ። ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዳችሁ «እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ታውቃላችሁ?» በሉ። ነርሶቹን ጠይቁ፤ ብዙ ነገር የምናውቀው እኛ ነን። በኢንተርኔት፣ በዙም የሚደረጉ ስብሰባዎችም አሉ። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ካሜራ አጥፍቶ ማዳመጥ ይቻላል። ዳታ ይበላል እንጂ ከድራፍት አይበልጥም።

በሦስት ቀን እናድናለን ካሏችሁ ውጡ። በቅድሚያ ብዙ ብር የሚጠይቅ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያወራበት፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ያለበት ቦታም ይቅርባችሁ።

«እኛ ሰፈር ግን ቡድን የለም» የሚለው አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ካቆመ ገና ወራት የሆነው አሜሪካዊ ለሥራ አክሮን ወደምትባል የኦሃዮ ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈ። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ባር አለ። እሱ ግን ስልክ አንስቶ ለአብያተ ክርስቲያናት መደወል ጀመረ። ሲፈልግ የነበረው የሚያወራው ሌላ ጠጪ ነበር። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። አልኮሊክስ አኖኒመስ የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ኋላ ነው የመጣው። እናንተም የሚያምናችሁ አንድ ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ማኅበር ማቋቋም እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ጠላውን ማስቀረት ነው የሚከብደው።

የቤተሰብ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ለጠጪ ቤተሰቦች አል-አኖን የሚባል ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አለ። እናቶቻችሁም የሚያወሩት ሰው ይፈልጋሉ፤ ይሄን ስታስታውሱ ንገሯቸው።

መጀመሪያ ስትሄዱ ሳትጠጡ ሂዱ። ጠጥታችሁም ከሆነ ሂዱና ዝም ብላችሁ ስሙ። በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ካልጣማችሁ መውጣት ይቀላል። አንድ ስብሰባ ባይመቻችሁ ሌላ ሞክሩ። ቢያገረሽባችሁም ተመለሱ፤ እዚያ ያሉት አብዛኞቹ አገርሽቶባቸው ያውቃል። ስትወጡ ግን የአንድ ሰው ስልክ ሳትይዙ አትውጡ። ጀለሶቻችሁ «የት ጠፋህ?» ብለው ከመደወላቸው በፊት እናንተ የምትደውሉለት ሰው ይኑራችሁ።