መልስ፦ የታንጋኒካ ሐይቅ መርከብ የሆነችው የሊምባ ሞተሮች ሐይቅ ውስጥ ሰምጠው እንዴት ዳኑ?

ያዳናቸው ግራሶ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1916 (ቀኑም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ጀርመኖች መርከቧን ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ፣ ከማላጋራሲ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ሆን ብለው አሰመጧት። ከዚያ በፊት መሐንዲሶቹ ሞተሮቹን በወፍራም ግራሶ ለበጧቸው። ግራሶ ውኃና ኦክስጅን ብረቱን እንዳይነኩ ይከላከላል፤ ሐይቁም እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ ዝገቱ ይዘገያል። የእንፋሎት ሞተር ስለነበሩ በውኃ የሚበላሽ የኤሌክትሪክ ክፍል አልነበራቸውም። እንግሊዞች በ1924 አውጥተዋት በ1927 ሥራ ስትጀምር የሄደችው በእነዚያው ሞተሮች ነው።

በመሃል ቤልጂጎችም አንድ ጊዜ አውጥተዋት ነበር፤ ግን የሐይቁ ወደብ ኪጎማ ላይ እንደገና ሰጠመች።

"ዛሬም በጀርመን ሞተር ትሄዳለች" የሚለውን ግን አትቀበል። በ1970ዎቹ የእንፋሎት ሞተሮቹ ተነሥተው ዲዝል ገብቶላታል። የቆየው ቀፎው (የመርከቧ ውጫዊ አካል) ነው።

ታሪኳን ስትፈልግ በስም ብቻ አትሂድ፤ ግማሹ ይጠፋብሃል። በ1913 ጀርመን ውስጥ ፓፐንበርግ ተሠርታ፣ ተፈታትታ በሣጥን ወደ ዳሬሰላም፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኪጎማ ተጓዘች። በ1915 ውኃ ላይ ስትወርድ ስሟ ግራፍ ፎን ጌትሰን ነበር፤ "ሊምባ" ያሏት እንግሊዞች ናቸው። ስለዚህ አንዱ መዝገብ 1913፣ ሌላው 1915፣ ሦስተኛው 1927 ቢልህ ሦስት መርከብ አይደለችም። ከ1927 በኋላ ለረጅም ጊዜ የባቡር ድርጅቶች ንብረት ስለነበረች፣ ከመርከብ መዝገብ ይልቅ የባቡሩን ሰነድ አስቀድም። በ1997 ነው ለብቻው ወደተቋቋመ የሐይቅ መርከብ ኩባንያ የተዛወረችው።