ለወጣት ሐኪሞች፦ የጉበት ዕጢ በመርፌ ተቃጥሎለት የመጣ ሰው ሲገጥማችሁ

ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ኢንተርን ለሆናችሁና ሬዚደንሲ ለጀመራችሁ ነው። የጉበት ዕጢን ሆድ ሳይከፈት፣ በቆዳ በኩል መርፌ አስገብቶ በሙቀት ማቃጠል በብዙ አገር የተለመደ ሕክምና ሆኗል። እኛ ጋ ግን ሕንድ ወይም ባንኮክ ሄዶ ተሠርቶለት የተመለሰ ሰው ይገጥማችኋል። እናንተ ባትሠሩትም፣ ችግር ሲመጣ ድንገተኛ ክፍል የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ።

ሕክምናው ጥሩ ነው፣ በሽተኛ አታስፈራሩበት። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በጣልያን 41 ማዕከላት የታከሙ 2,320 ሰዎችን አይቶ ነበር። የሞቱት 6 ናቸው። ሌሎች 50 ሰዎች ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል፦ ሆድ ውስጥ ደም መፍሰስ፣ መርፌው ባለፈበት መንገድ ካንሰሩ መዛመት፣ ጉበት ውስጥ መግል መቋጠር፣ የአንጀት መበሳት። ከሞቱት ሁለቱ አንጀታቸው ተበስቶ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ትኩሳት ነው። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ትኩሳትና ድካም ይጠበቃል፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አስር ቀን ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ወዲያ የሚነሳ፣ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ትኩሳት ሲባል ታይፎይድ ነው፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ይሠራል፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ በሽተኛው ወደ ቤቱ ይሸኛል፣ በዚህ መሀል ቀናት ያልፋሉ። አንድ አባት እንዲህ ክሊኒክ ለክሊኒክ ሲዞሩ ቆይተው እኛ ጋ መጡ። ሁሉም የጠየቃቸው ምን እንደበሉና ምን እንደጠጡ ነው። ዕጢው ከመቃጠሉ በፊት የሐሞት ቱቧቸው ውስጥ ስቴንት (መተላለፊያውን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቱቦ) እንደገባላቸው የነገረችን ልጃቸው ናት፣ እሷም ስንጠይቃት። ስቴንት ያለው ወይም የሐሞት ቱቦው በቀዶ ሕክምና ከአንጀት ጋር የተገናኘ ሰው የአንጀት ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ጉበቱ ይወጣል፣ የተቃጠለው ሥጋ ደግሞ ደም ስለማይደርሰው ይመቸዋል። አልትራሳውንድ ስናደርግ ቦታው መግል ይዟል። በቱቦ ወጣላቸው፣ መድኃኒታቸው ተስተካከለ፣ ዳኑ።

ስለዚህ ሁልጊዜ ዕጢው የት እንደነበረና አጠገቡ ምን እንዳለ ጠይቁ። አንጀት አጠገብ ሲሆን ባለሙያው በመካከላቸው ፈሳሽ ጨምሮ ያራርቃቸዋል። (የሚቃጠለው በራዲዮፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚፈጠር ሙቀት ከሆነ፣ 5 በመቶ ዴክስትሮዝ (የስኳር ውሃ) ነው የሚመረጠው፣ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ።) ቀድሞ ሆዱን የተቀደደ ሰው ግን አንጀቱ ተጣብቆ አልርቅ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከቀናት በኋላ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ከመጣ በማስታገሻ አትሸኙት።

ዕጢው ጉበቱ አናት ላይ ከነበረ ደግሞ ድያፍራሙን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ አስቡ፤ ሙቀቱ ሊጎዳው ይችላል። መጀመሪያ ቀኝ ትከሻ ማመም ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጎዳው ቦታ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ይቀደድና አንጀት ወደ ደረት ይገባል። የዚያን ጊዜ በሽተኛው ራሱ መርፌውን ረስቶታል! ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣና ራጅ ላይ በቀኝ ደረቱ አየር ስታዩ፣ ይሄ ታሪክ ካለው ደረቱ ላይ ቱቦ ለመክተት አትቸኩሉ። አንጀቱን ልትበሱት ትችላላችሁ። ሲቲ አሠሩና ቀዶ ሐኪም ጥሩ።

ቤተሰቡ ከውጭ ያመጣው ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣ ውስጥ ነው። አስመጡት፣ ክፈቱት፣ የተቃጠለው ቦታ ከአንጀት፣ ከሐሞት ከረጢትና ከድያፍራም ምን ያህል እንደሚርቅ ራሳችሁ ለኩ፤ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ከሆነ ካርዱ ፊት ላይ በትልቁ ጻፉት፣ የሌሊት ተረኛው እንዲያየው።