«ዲስክህ ወጥቷል ተባልኩ፤ ስፌቱን ልተው?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ነኝ፤ በእግር በሚረገጥ መኪና ሃያ ዓመት ያህል ሰፍቻለሁ። ከሦስት ወር ወዲህ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ መቀመጫዬ በኩል እስከ ባቴ የሚወርድ ሕመም ይዞኛል። ስቀመጥና ስጎነበስ ይብስብኛል፤ ስራመድ ቀለል ይለኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ «ሁለት ቦታ ላይ ዲስክህ ወጥቷል» ተባልኩ። አንዱ ወዳጄ ወጌሻ ዘንድ ሂድ፣ ሌላው ቀበቶ ታጥቀህ ተኛ ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ስፌቱን ተው ትለኛለች። ፊዚዮቴራፒ ማሸት ብቻ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ለእኔ ብዙ የነገረኝ የኤምአርአዩ ውጤት ሳይሆን «ስቀመጥና ስጎነበስ ይብስብኛል፤ ስራመድ ቀለል ይለኛል» ያሉት ነው። ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል፣ ከአጥንቶቹ ጋር በጽኑ የተያያዘ ስለሆነ ብዙዎች እንደሚሉት የሚንሸራተት ነገር አይደለም፤ በዕድሜና በጫና ግን ሊያብጥ፣ አንዳንዴም በውስጡ ያለው ልስልስ ክፍል ወጥቶ ነርቭ ሊነካ ይችላል። እብጠቱ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም ይታያል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ ከእነዚህ ጤነኞች መካከል በ40 ዓመት ዕድሜ 50 በመቶ፣ በ50 ዓመት ደግሞ 60 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ እብጠት አለባቸው። ስለዚህ ፎቶው ትርጉም የሚኖረው በእጅ ከሚደረገው ምርመራ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ይህን ምርመራ ወደሚያደርግልዎት ፊዚዮቴራፒስት ሲሄዱ፣ እጁን ከማሳረፉ በፊት ሊጠይቅዎት የሚገባ ነገር አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም በዕረፍት የማይታገሥ የሌሊት ሕመም ካለ፣ ጉዳዩ የጡንቻና የዲስክ ላይሆን ይችላል። በአካባቢያችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ያልተፈላ የግመልም ሆነ የፍየል ወተት ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ አከርካሪን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ይህን ጥያቄ ያለመጠየቅ ከባድ ስሕተት ነው እላለሁ። ሽንት እምቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘዎት ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከዛሉ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደሚቀርብዎት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ይህ ሁሉ ከሌለ ምርመራው ይቀጥላል። በተረከዝዎና በእግር ጣቶችዎ ያስሄድዎታል፤ በግራ እግርዎ ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ደጋግመው ማንሳት ካቃተዎት ወደ ባት የሚሄደው ነርቭ መድከሙን ያውቃል። በጀርባዎ ተንጋልለው ሳሉ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ እግርዎን ያነሣል፤ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ ያ የሚያውቁት ሕመም ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቩ መቆጣቱን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ክፍል ነው፤ ወገብዎን ወደፊትና ወደኋላ ደጋግሞ እያንቀሳቀሰ ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተላል። ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ይህን መንገድ የጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. በአጋጣሚ ነበር፤ እግሩ ድረስ ይታመም የነበረ ሰው ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቆይቶ ሲነሣ፣ የእግሩ ሕመም ለቆት ተገኘ። ሕመሙ ከባት ወደ መቀመጫ፣ ከመቀመጫ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢቆጠቁጥም እንኳ መልካም ምልክት ነው።

እርስዎ ሲጎነበሱ የሚብስብዎት በመሆኑ፣ ከምርመራው በኋላ በሆድዎ ተኝተው በክርንዎ መደገፍ፣ ቀጥሎም ዳሌዎ ሳይነሣ በእጅዎ ደረትዎን ወደላይ መግፋት ሊሰጥዎት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ 10 ጊዜ ያህል፣ በየሁለት ወይም ሦስት ሰዓቱ ይሠራል። ሕመሙ ወደ ታች ከወረደ ግን ወዲያው ያቁሙ። ማሸት ጡንቻን ያፍታታል፤ ለብቻው ግን ሕክምና አይሆንም። ወጌሻውን በሚመለከት በግልጽ ልናገር፤ ሳይመረመር የሚጎተትና የሚጠመዘዝ አከርካሪ፣ በተለይ ቲቢ ካለበት፣ ለሽባነት ሊዳርግ ይችላል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን በመደበኛነት መጠቀምን አልደገፈም።

ስፌቱን አይተዉ። የሚጎዳዎት ሳያቋርጡ መጎንበሱ ነው። ሱቅዎ ውስጥ ሲቀመጡ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ የሚል ከሆነ በርጩማውን ከፍ ያድርጉ፤ መኪናውን ወደ ሆድዎ ያስጠጉ፤ ጨርቁን ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይቁረጡ። ግማሽ ሰዓት በሞላ ቁጥር ተነሥተው እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደኋላ ይለጠጡ። ከሰዓት በኋላ ጫት እየቃሙ በርጫ ላይ የሚውሉ ከሆነም፣ በዝቅተኛ ፍራሽ ላይ በአንድ ጎን ተደግፎ ለሰዓታት መቀመጥ ለወገብ ከስፌቱ የማይተናነስ ጫና ነው፤ በየመሐሉ ተነሥተው ይራመዱ።

በየማታው ሕመሙ እስከ የት እንደወረደ በደብተር ይመዝግቡ። የወጣው የዲስክ ክፍል በብዙዎች ላይ ከጊዜ ጋር በራሱ ይሟሟል፤ ሦስት ወር ስላለፈዎት ግን ምርመራውን አያዘግዩ። ሕክምናውን በጀመሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ከባትዎ ወደ ላይ ካልተሰበሰበ፣ ወይም ተረከዝዎን ማንሳት ከቀድሞው ከከበደዎት፣ ደብተሩንና ፎቶውን ይዘው ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ።